የሰንሰለቱ ጭቃ

ሰው የሠራውን ትልቅ ነገር መልሶ አሳንሶ መሥራቱ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጠባዩ ነው። ከዛሬ 4000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ አገር፣ አስዩጥ በተባለው ስፍራ፣ መሰህቲ ለሚባል የአውራጃ ገዥ በመቃብሩ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጹ ትናንሽ ወታደሮች ተቀምጠውለት ነበር። አርባዎቹ ጦርና ጋሻ የያዙ ግብፃውያን፣ አርባዎቹ ደግሞ ቀስት የያዙ ኑብያውያን ናቸው። ቀራፂው የጋሻዎቹን ቆዳ ዝንጉርጉርነት እንኳ ሳይቀር አንዱን ከሌላው ለይቶ ቀብቶታል። ያ ጥንታዊ እጅ ለሙት ጌታው ያዘጋጀውን፣ የዛሬው እጅ ለቤቱ መደርደሪያ ያዘጋጀዋል። በእንግሊዝ፣ በጃፓን፣ በስፔን፣ በፖላንድና በሌሎችም አገሮች የጦር መሣሪያን አሳንሶ ከፕላስቲክ መገጣጠምና መቀባት የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ የሚያደክመውና ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ክፍል ለማያውቀው ሰው ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ይኸውም የታንክን ሰንሰለት እውነተኛ አስመስሎ መቀባት ነው።

ነገሩ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ከኪነ ጥበብ ነባር ጥያቄዎች አንዱን ተሸክሞ ይገኛል። አንድ ሰው በጣት ስፋት ልክ ባለች ሰንሰለት ላይ ጭቃን ለማስመሰል ሌሊቶችን ሲያነጋ እውነትን እያገለገለ ነው ወይስ ከእውነት እየሸሸ? ለጭቃው ቀለም ይህን ያህል የታመነ እጅ፣ ጭቃው ለተነሣበት ምድርና በዚያ ምድር ላይ ለወደቀው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ይህን ለመመርመር በቅድሚያ ሰንሰለቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

ሰንሰለት በሰፊው ለሥራ የበቃው በጦር ሜዳ ሳይሆን በእርሻ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በስቶክተን ከተማ ዙሪያ ያለው አፈር ለምና ለስላሳ በመሆኑ፣ ከባዱ የእንፋሎት ትራክተር በብረት ጎማው እየሰመጠ ገበሬውን ያስቸግር ነበር። ቤንጃሚን ሆልት የተባለው ፋብሪከኛ እ.ኤ.አ. በ1904 የኋላ ጎማዎቹን አውልቆ በምትካቸው ከእንጨት ሰሌዳ የተያያዘ ዙር ሰንሰለት አደረገበት። ትራክተሩም የራሱን መንገድ ከፊቱ እያነጠፈ፣ ያነጠፈውንም ከኋላው እየጠቀለለ የሚሄድ ሆነ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ፣ ዊልያም ትሪተንና ዋልተር ዊልሰን የተባሉ መሐንዲሶች ይህንኑ አሳብ ወስደው «ትንሹ ዊሊ» የተባለውን የመጀመሪያውን የታንክ ናሙና ሠሩ። ከአሜሪካ የመጣው ሰንሰለት እየወለቀ ስላስቸገራቸውም አዲስ ሰንሰለት ነደፉለት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ግንባር ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ ገባ። ለም አፈርን ለማረስ የተበጀው እግር የሽቦ አጥርንና የምሽግ ቦይን መሻገሪያ ሆነ። እንግዲህ ማረሻ ወደ ሰይፍ የተለወጠበትን ታሪክ ሰንሰለቱ ከመነሻው በላዩ ላይ ይዞት ይሄዳል።

የሰንሰለቱ ብረትም ተራ ብረት አይደለም። የሼፊልዱ ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ከመቶው 12 እጅ ያህል ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት ብረት አገኘ። ይህ ብረት በተመታና በተረገጠ ቁጥር ገጹ እየጠነከረ የሚሄድ ነው፤ የሶቭየት ኅብረት ቲ-34 ታንክ ሰንሰለት ቀልጦ የሚፈሰው ከዚህ ዓይነት ብረት ነበር። የጀርመኑ ታይገር 57 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ሸክም በየጎኑ 96 ቁራጮች ያሉት፣ ወርዱ 725 ሚሊሜትር የሆነ ሰንሰለት ይሸከመዋል፤ ታንኩ በባቡር ሲጫን ግን ከፉርጎው ጠርዝ እንዳያልፍ 520 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ጠባብ ሰንሰለት ይለወጥለት ነበር። የአሜሪካው ሸርማን በአብዛኛው ጎማ በተለበጠ ሰንሰለት ይሄድ ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 ማላያንና የደች ምሥራቅ ሕንድን ስትይዝ ግን ዋናው የጎማ ምንጭ ስለ ተቋረጠ፣ ሙሉ በሙሉ ከብረት የሆነ ሰንሰለትም ተሠራለት። ስለዚህ አንድ ሠሪ በሸርማን ሰንሰለት ላይ የጎማን ጥቁረት ወይም የብረትን ብልጭታ ለመቀባት ሲመርጥ፣ በዚያች ትንሽ ምርጫ ውስጥ የአንድ ሩቅ አገር የጎማ ተክልና የአንድ ባሕር መዘጋት አለበት።

በሥራ ላይ ያለ ሰንሰለት አንድ ቀለም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ሳይቀባ ስለሚገጠም፣ ፊቱን የሚሰጡት ምድርና አየር ናቸው። መሬት የሚረግጠው ጉብታው ከአፈርና ከድንጋይ ጋር እየተፋተገ እንደ ማረሻ ጫፍ ያበራል። የባለ ጥርሱ ጎማ ጥርስ የሚገባበት ቀዳዳ ዳር ዳሩ ይላጋል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ስርጉድ ግን ጨለማ ነው፤ እዚያ ዝገት፣ ዘይት፣ የሰነበተ ደረቅ ጭቃና የዕለቱ እርጥብ ጭቃ ተደራርበው ይገኛሉ። ጀማሪ ሠሪ ይህን ባለማስተዋሉ ሰንሰለቱን ሁሉ ወጥ በሆነ ቀይ ዝገት ይሸፍነዋል፤ ወይም ብረት ነውና ያብረቅርቅ ብሎ የብር ቀለም ይቀባዋል። ሁለቱም ስለ ብረት የሰሙትን የቀቡ እንጂ ብረትን ያዩ አይደሉም።

የሠለጠነው ሠሪ አካሄድ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሰንሰለቱን ጠቆር ባለ ቡናማ ቀለም ይሸፍነዋል። ቀጥሎ የዘይት ቀለም በማቅጠኛ እጅግ አቅጥኖ ያፈስበታል፤ ቀለሙም ወደ ስንጥቁና ወደ ችንካሩ ሥር ወርዶ ጥላ ይሆናል። ከዚያ ብሩሹን ቀለም አስነክቶ፣ ሊደርቅ እስኪቃረብ በጨርቅ ላይ ከጠረገ በኋላ፣ ጉብታዎቹን ብቻ ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋቸዋል። የሚያበራውን ገጽ በእርሳስ ዱቄት ያሸዋል። በመጨረሻም የላመ የቀለም ዱቄት እየነሰነሰ አቧራውንና ጭቃውን ያለብሰዋል። ይህን አሠራር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው ካስተማሩት መካከል አሜሪካዊው ሸፐርድ ፔይንና ቤልጅጋዊው ፍራንሷ ቨርሊንደን በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። ከነርሱ ወዲህ አምሳያ ታንክ ለሰልፍ ቀን እንደ ታጠበ ንጹሕ ሆኖ መቅረቡ ቀርቶ፣ የሄደበትን መንገድ በገላው ላይ ጽፎ የሚታይ ሆኗል።

በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ጊዜ ራሱ በቀለም መነገሩ ነው። ያበራ ሰንሰለት በቅርቡ ተንቀሳቅሷል፤ የዛገ ሰንሰለት ቆሞ ሰንብቷል። የሚያበራው ገጽ ዝናብ ካገኘው ሳይውል ሳያድር የዝገት ጭላንጭል ያሳያል። ታንኩ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ተላጥቶ ባዶው ብረት በፍጥነት ይቀላል፤ በጎማዎቹ ዙሪያ የነበረው ላስቲክ ነድዶ ስለሚያልቅ ብረቱ ራቁቱን ሰንሰለቱ ላይ ይቀመጣል፤ ታንኩም ዝቅ ይላል። በሂደት ላይ ነው ተብሎ የተሠራ ታንክ የሚረግጥበት ገጽ ሁሉ ዝጎ ቢታይ፣ ያ አምሳያ ራሱን በራሱ ያስተባብላል። በዚህ ረገድ ሙያው ጥብቅ የሆነ የእውነት ሥርዓት አለው፤ ጭቃው ከምድሩ፣ ዝገቱ ከቀኑ፣ ብልጭታው ከጉዞው ጋር መስማማት ይኖርበታል።

ነገር ግን አደጋውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሠሪው ዝገትን የሚማረው ከጦርነት ፎቶግራፎች ነው። በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ የተቃጠለ ታንክ ይታያል፤ በአጠገቡም ከውስጡ ሊወጣ ሲታገል የወደቀ ሰው ተዘርግቷል። ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ወደ ሰንሰለቱ ያስጠጋል። የዝገቱን ቅላት፣ የአመዱን ንጣት ይመዘግባል። ያን ጊዜ ዓይኑ እጅግ የነቃ ነው፤ ሆኖም በንቃቱ ብዛት ከፎቶግራፉ ውስጥ ዋናውን ነገር ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። አለማየት ከስንፍና ብቻ የሚመጣ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከትጋትም ይመጣል። አንድን ነገር አጥብቆ ማየት ሌላውን ለመርሳት የተከበረ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ላይ «እውነተኛ አስመስሎ መሥራት» የሚለው አነጋገር ራሱ መፈተን አለበት። አብዛኞቹ አምሳያ ታንኮች የሚሠሩት ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሰው ነው። ይህ ልክ ከሒሳብ ወይም ከሥነ ጥበብ ሕግ የመነጨ አይደለም። ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር እንዲሄድ አድርጎ ሲያወጣ፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ በሆዱ እንዲይዝ የተሰጠው ስፋት ነው ልክ ሆኖ የቀረው። የታይገር ሰንሰለት በዚህ ልክ ሲሠራ ወርዱ ወደ 21 ሚሊሜትር ይወርዳል። ብረቱ ሲያንስ ግን አፈር አብሮት አያንስም። 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የአሸዋ ቅንጣት በዚያች ትንሽ ዓለም ውስጥ 35 ሚሊሜትር ጠጠር ትሆናለች። ስለዚህ እውነተኛውን አፈር ዝም ብሎ የለጠፈ ሰው ሐሰት ይሠራል፤ እንደ በርበሬ የላመ ሰው ሠራሽ ዱቄት የነሰነሰ ግን እውነትን ይቀርባል። እውነተኛው የብረት ብልጭታም እንዲሁ ለትንሽ ገላ ይበዛበታልና በእርሳስ ዱቄት ይለዝባል። እንግዲህ በዚህ ሙያ ውስጥ ቀጥተኛ ቅጂ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ምርጫ ነው፤ የመረጠ ደግሞ ስለ ምርጫው ይጠየቃል። «ያየሁትን ብቻ ነው የሠራሁት» የሚለው መልስ ለሠሪው መሸሸጊያ ሊሆነው አይችልም።

ስለ አስመስሎ መሥራት በጥንቱ የግሪክ ፍልስፍና ሁለት ታላላቅ አሳቦች ተነሥተዋል። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ አሥረኛ ክፍል ስለ አልጋ ሲናገር፣ ሠዓሊው የሚሥለው አልጋ አናጢው የሠራውን አልጋ መልክ ብቻ የሚቀዳ በመሆኑ ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ የራቀ ነው ይላል። ተማሪው አሪስቶትል በበኩሉ ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሰት ውስጥ፣ ሰው በገሃድ ሲያየው የሚዘገንነውን ነገር፣ አስቀያሚ አውሬንና ሬሳን እንኳ፣ በትክክል ተሥሎ ሲያየው ደስ እንደሚለው፣ ምክንያቱም ሲያይ እየተማረ ስለ ሆነ መሆኑን ያስረዳል። አምሳያ ሠሪው በሁለቱ መካከል ይቆማል። የፕላቶ ወቀሳ ይመለከተዋል፤ የሚቀዳው መልክን ነውና። የአሪስቶትል ምስክርነትም ይጠቅመዋል፤ ሰንሰለቱን ለመቀባት የተነሣ ሰው ስለ ብረት፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ሳይማር አይቀርምና። ሆኖም የአሪስቶትል አሳብ አንድ ነገር ይጠይቃል። ደስታው ከመማር የመጣ ከሆነ፣ መማሩ የት ላይ ቆመ? ብረቱን ተምሮ ሰውን ያልተማረ ደስታ በግማሽ መንገድ የቀረ ደስታ ነው።

የአገራችን ነባር ሠዓሊያን ይህን ጥያቄ በሌላ በኩል መልሰውታል። የዐድዋን ጦርነት በሸራ ላይ የሣለው ባህላዊ ሠዓሊ ለፈረሱ ኮቴ ጭቃ አይጨነቅም፤ ለርቀትና ለቅርበት ሕግም አይገዛም። የወገኑን ጦር ፊት በሙሉ ዓይን ይሥላል፤ ወራሪውን ግን በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ያሳየዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስንም ከላይ በደመና መካከል ያቆመዋል። ተመልካቹ ከዚያ ሥዕል የመድፉን ጎማ ዝገት ባይማርም፣ ማን በደለኛ፣ ማን ተበዳይ እንደ ነበረ ሳያውቅ አይመለስም። አምሳያ ሠሪው በአንጻሩ የጎማውን ዝገት በትክክል ያሳያል፤ ስለ በደሉ ግን ዝም ይላል። አንዱ ገጽታን ለፍርድ ሲል ይሠዋል፣ ሌላው ፍርድን ለገጽታ ሲል ይተዋል። ሁለቱም ጎደሎ አላቸው። የመጀመሪያው ጎደሎ ግን በግልጽ የሚታይ ነው፤ ያንን ሥዕል አይቶ ፎቶግራፍ ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው የለም። የሁለተኛው ጎደሎ የሚሸፈነው በራሱ ትክክለኛነት ነው። ተመልካቹ የጭቃውን እውነትነት አይቶ የቀረውንም ሁሉ እውነት አድርጎ ይቀበላል።

ይህ ከሩቅ የመጣ ክርክር እንዳይመስል፣ ወደ ኢትዮጵያ ምድር የሚመራ አንድ ምሳሌ አለ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ የኢጣሊያ ጦር ፊያት-አንሳልዶ የሠራውንና «ኤል 3» የተባለውን ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ከ3 ቶን ትንሽ የሚበልጥ አነስተኛ ታንክ ይዞ ዘምቶ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ አውራጃ፣ በደምበጉና በር ላይ፣ ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ግንባር ቀደም የሆነው፣ በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ጦር ከነዚህ ታንኮች ጋር ገጠመ። የታንኩ መትረየስ በጠባብ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር በመሆኑ፣ አርበኞቹ ከጎንና ከኋላ እየመጡ በላዩ ላይ ወጡበት፤ አያሌ ታንኮችም በዚያ በር ላይ ከጥቅም ውጪ ሆነው ቀሩ። ዛሬ የዚህ ታንክ የፕላስቲክ አምሳያ ተሠርቶ ይሸጣል፤ በ35ኛ ልክ ርዝመቱ 9 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ሠሪ በሩቅ አገር ሆኖ ይህን አምሳያ ሲገጣጥም የሽሬ አፈር ቀይ ይሁን ጥቁር፣ በታኅሣሥ ወር ደረቅ ይሁን እርጥብ አጥንቶ ሰንሰለቱን በዚያው መጠን አቧራ ሊያለብሰው ይችላል። ይህን ካደረገ ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ስለዚያ ምድር ማንም ያላስገደደውን ጥናት አድርጓልና። ነገር ግን በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ ደምበጉና ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። የሚያቃጥለው ጠብታ ሰውንና ከብትን አንድ አድርጎ ፈጀ። ያ ጠብታ በ35ኛ ልክ አይታይም። ቀለም የለውም፤ በሰንሰለት ላይም አይቀርም። የኢጣሊያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ የታንኩ ቅርጽና ቀለም በየመጽሐፉ በዝርዝር ሲታወቅ፣ በጋዙ የተቃጠሉት ሰዎች ምስክርነት ይስተባበል ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ትንሹን እውነት በጥንቃቄ መጠበቅ ትልቁ እውነት ተጠብቋል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «ይህ ሁሉ ከአንድ ብሩሽ የሚጠበቅ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ ገንቦዋን ስትሠራ ስለ ጥማት ታሪክ እንድትናገር አትጠየቅም። ሰው ከቀን ሥራው ደክሞ ሲመለስ እጁን በጸጥታ የሚያሠራበት ሙያ ማግኘቱ በራሱ መልካም ነው፤ ለምን በዓለም ኃጢአት ሁሉ ይጫናል?» የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ከሠሪዎቹ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ያሽከረከረውን ታንክ ለማስታወስ የሚሠራ አለ፤ ለዚህ ሰው በሰንሰለቱ ላይ ያለው ጭቃ የዘመዱ ድካም ነው። የተበጠሰን ሰንሰለት በጥይት መካከል በመዶሻና በብረት ዘንግ የቀጠለው ሰው ድካም በጽሑፍ እንኳ እምብዛም አይነገርም፤ በአምሳያው ላይ ግን ከሌሎቹ የተለየች አንዲት አዲስ ቁራጭ ገብታ ብትታይ፣ ለሚያውቅ ዓይን ያ ድካም ተነግሯል። ከዚህም በላይ ጦርነትን አስውቦ የሚያሳየው ንጹሑና የሚያብለጨልጨው ታንክ ነው እንጂ ጭቃ የለበሰው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል።

ይሁን እንጂ ገንቦና ታንክ አንድ አይደሉም። ገንቦ ለውኃ ተሠራች፤ ታሪኳም ውኃ መያዝ ነው። ታንክ የተሠራው ሰውን ለመርገጥና ለመግደል፣ ወይም የሚረግጥንና የሚገድልን ለመመከት ነው። ጭቃውን እንጂ ተግባሩን ያልጨመረ አምሳያ ነገሩን አጎደለው እንጂ አላሳየውም። ጭቃም ራሱ ማስዋቢያ ሊሆን ይችላል። ሠሪው ሰንሰለቱን የሚያቆሽሸው ተመልካቹ «እንዴት ያምራል!» እንዲል ከሆነ፣ ቆሻሻው ከብር ቀለሙ በምንም አልተሻለም። ስለዚህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ በቀለሙ ዓይነት የሚወሰን አይሆንም፤ የሚወሰነው ቀለሙ የተመልካቹን አሳብ ወዴት እንደሚመራው ነው። ሰንሰለቱን አይቶ «ይህ ጭቃ ከየት ተነሣ? በዚህ መንገድ ላይ ከፊቱ ማን ነበረ?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ካገኘ፣ አምሳያው የተግባሩን ግማሽ ፈጽሟል። ሠሪው ከሥራው አጠገብ በሚያኖረው አጭር ጽሑፍ ላይ ከታንኩ ስምና ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ቀኑን፣ ስፍራውንና በዚያ ስፍራ የሆነውን ቢያክልበት፣ ሌላውን ግማሽ ይፈጽማል። ይህን ለማድረግ ሌሊት ማንጋት አያስፈልግም፤ ጭቃውን ለማጥናት ከተደከመው ድካም ጥቂቱ ይበቃል።

በመጨረሻም ትንሹን እውነት መናቅ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የብረትን ቀለም በሰሚ ሰሚ የሚቀባ ሰው የሰውን ታሪክም በሰሚ ሰሚ መጻፉ አይቀርም። ዝገትን ከጭቃ፣ የትናንቱን ጭቃ ከዛሬው ለይቶ ለማየት የታገሠ ዓይን ግን፣ ከፈቀደ፣ ወደ ሌላም ነገር ሊመለስ የሚችል የሠለጠነ ዓይን ነው። የእጅ ታማኝነት የመጀመሪያው ታማኝነት ነው፤ በእርሱ ላይ የሚቆም ሌላ ታማኝነት ከሌለ ግን ደጃፍ ብቻ ያለው ቤት ይሆናል። ሆልት ሰንሰለቱን ያበጀው ትራክተሩ በለስላሳ ምድር እንዳይሰምጥና ሥራ እንዳይቆም ነበር። በመደርደሪያ ላይ የቆመችው ትንሽ ታንክ፣ አቧራዋ በጥንቃቄ የተነሰነሰላት፣ ያንን መነሻና ከዚያ በኋላ የተረገጠውን ምድር ሁሉ ልታስታውስ ትችላለች። ማስታወስና አለማስታወሷ የሚወሰነው ብሩሹን በያዘው ሰው ነው።